«ኖቫ ገብቼ ኢንጂነር እሆናለሁ ወይ?»

ጥያቄው ይህ ነው (ኖቫ ማለት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው)፦ «25 ዓመቴ ነው። በዲቪ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከአጎቴ ጋር እኖራለሁ። ከመጣሁ 8 ወር ሆነኝ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሼ ነው የወጣሁት። ሲቪል ወይም ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። አጎቴ ‹ኖቫ ጀምሪ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ› ይለኛል። ሌሎች ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጊዜ ማባከን ነው፣ ይልቅ ነርሲንግ ግቢ ይሉኛል። ማታ ማታ እሠራለሁ። የአገር ቤቱ ትምህርቴ ይያዝልኛል? ስንት ዓመት ይፈጅብኛል? ላፕቶፕና ካልኩሌተርስ ከአሁኑ ልግዛ?»

እህቴ፣ አጎትሽ ልክ ናቸው። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌ ነው ሲቪል ኢንጂነር የሆንኩት፤ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛን ልጆች የኮርስ ዕቅድ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ግን አጎትሽ ካሉት ውስጥ አንዲት ቃል ትቆረቁረኛለች። «ከዚያ» የምትለዋ። ስንቱ ልጅ ኖቫ ገብቶ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቶ፣ «ከዚያ» ላይ ሲደርስ ነው የወሰደው ኮርስ ግማሹ እንደማይያዝለት የሚሰማው። ኮሌጁ ጥፋት የለበትም። ልጁ የት እንደሚሄድ ሳይወስን መንገድ ስለጀመረ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ «ከዚያ» የምትለዋን ወደ ፊት አምጥተሽ ከመመዝገብሽ በፊት እንድታስቢባት ነው።

መጀመሪያ የሰዎቹን ወሬ እናጥራ። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዲግሪው አይከበርም» የሚሉሽ ዲፕሎማው ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ የማያውቁ ናቸው። አራት ዓመቱን ስትጨርሺ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የጨረስሽበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። የሙያ ፈቃድ ሰጪዎቹም የሚጠይቁት ፕሮግራሙ በአቤት የታወቀ መሆኑን ነው። አቤት የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ድርጅት ነው፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ አቤቱታ ቢመስልም። ካልኩለስን አናንዴል፣ የኖቫ ግቢ፣ ተማርሽው ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ ቦታ ማንም ጠይቆሽ አያውቅም።

እንዲያውም ለአንቺ ዓይነቱ ሰው ጥቅም አለው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ስትማሪ መቶ ሁለት መቶ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ነው። ኖቫ ሃያ ሠላሳ ሆናችሁ ነው የምትማሩት፤ መምህሩ ስምሽን ያውቃል፣ ካልገባሽ እጅሽን አውጥተሽ ትጠይቂያለሽ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ።

አንደኛው ወጥመድ የዲግሪው ስም ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የሁለት ዓመት ዲግሪ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ኤኤስ የሚባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የተሠራ ነው። ኤኤኤስ የሚባለው፣ አንድ «ኤ» የተጨመረችበት፣ ጨርሶ በቀጥታ ሥራ ለመግባት ነው። የምዝገባ ቅጹ ላይ የሁለቱ ልዩነት አንድ ፊደል ናት፤ ስታመልጥሽ ግን ብዙ ኮርስ ይዛብሽ ነው የምትሄደው። «ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጥሩ ሙያ ነው፣ ሰው እንጀራ ይበላበታል፣ ግን ኢንጂነሪንግ ከሚለው የተለየ መንገድ ነው፤ ሒሳቡም ፊዚክሱም ቀለል ይላል፣ አቤትም የሚመዝነው በሌላ ኮሚሽን ነው። አንቺ የምትፈልጊው ኤኤስ፣ ያውም በኢንጂነሪንግ። ፕሮግራምሽ ላይ ይህ መጻፉን በዓይንሽ እዪ። ሰው ነገረኝ ብለሽ አትቀመጪ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሒሳብ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅብሽ የሚወስነው እሱ ነውና። ሌላውን ኮርስ ሁሉ እንደፈለግሽ ማፈራረቅ ትችያለሽ፤ ታሪኩን ዛሬ ብትወስጂው የዛሬ ዓመት ብትወስጂው ለውጥ የለውም። ሒሳቡ ግን እርስ በርሱ የታሰረ ሰንሰለት ነው። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ኤምቲኤች 263 ካልኩለስ አንድ ነው፣ 264 ካልኩለስ ሁለት፣ 265 ካልኩለስ ሦስት፣ 266 ሊኒየር አልጀብራ፣ 267 ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን። 263ን ሳትጨርሺ 264 አይከፈትልሽም። ፊዚክሱም በሒሳቡ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ፊዚክስ አንድ ለመግባት ካልኩለስ አንድ ያስፈልጋል፣ ለፊዚክስ ሁለት ካልኩለስ ሁለት። የሲቪል ተማሪ የሚወስዳት ስቴቲክስ ደግሞ በፊዚክስና በካልኩለስ ላይ ትቆማለች፣ ዳይናሚክስ በስቴቲክስ ላይ፣ እያለ ይቀጥላል።

ይህ ማለት አንድ ሴሚስተር ሒሳብ ሳትወስጂ ካለፈሽ፣ ሌላ አምስት ኮርስ ብትወስጂ እንኳ ያ ሴሚስተር ከመጨረሻው ላይ ይቆረጥብሻል። ብዙ የእኛ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። «መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን ላስተካክል፣ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ፣ ሒሳቡን በኋላ በእርጋታ እይዘዋለሁ» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሞልቶ ቀላል ቀላሉ ያልቃል። ከዚያ ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ ተደራርበው ይቀራሉ፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀለበት ነው የሚጀምረው። የእኔ ምክር፦ ኮሌጁ ከፈቀደልሽ እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ጎን ለጎን አስኪጃቸው። ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ መጨረሻው ሒሳብ የሌለበት ሴሚስተር አይኑርሽ። ክረምትንም ጨምሮ።

ደግሞ አንድ የምትጠቀሚበት ነገር አለሽ። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብም ፊዚክስም የተማርሽው በእንግሊዝኛ ነው። ዴሪቬቲቭ፣ ቬክተር፣ ፍሪክሽን ስትባዪ አዲስ ቃል አይሆንብሽም። የታሪክ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ የምትቀመጥ ልጅ ካልኩለስ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትሠራ አይቻለሁ። የሚያስቸግርሽ ሒሳቡ ሳይሆን አካሄዱ ነው። እዚህ በየሳምንቱ ኦንላይን የሚገባ የቤት ሥራ አለ፣ ኩዊዝ አለ፣ ሁሉም ነጥብ አለው። እኛ ለፋይናል አንድ ሳምንት ሲቀር ቀን ከሌሊት ማጥናት ለምደናል። እዚህ እንደዚያ ካደረግሽ ፋይናሉን መቶ ብታገኚበት እንኳ አጠቃላይ ውጤትሽ ቢ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ሦስተኛው ወጥመድ ስማቸው የሚመሳሰሉ ኮርሶች ናቸው። ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ኮሌጁን አልጠራም። አንደኛ ዓመት ላይ ምዝገባ ቢሮ ገብቼ «ፊዚክስ ስጡኝ» አልኩ። ሰጡኝ። በደስታ ተማርኩ፣ ኤ አገኘሁ። ላስገባ ስል ዩኒቨርሲቲው «ይህ በአልጀብራ የሚሰጠው ፊዚክስ ነው፣ ለኢንጂነሪንግ በካልኩለስ የሚሰጠውን ነው የምንፈልገው» አለኝ። ያን ሁሉ እንደገና ተማርኩ። ፊዚክስ ሁለት ዓይነት እንዳለው ማን ነግሮኝ! ጥፋቱን በሰው ላይ አላላክክም፤ እኔም ኢንጂነሪንግ ነው የምገባው ብዬ አልነገርኳቸውም። ቨርጂኒያ ውስጥ አንቺ የምትወስጂው ፒኤችዋይ 241 እና 242 ነው፤ 201 እና 202 ለሌላ መስክ ነው። ሒሳብም ላይ ኤምቲኤች 261 የሚባል «አፕላይድ ካልኩለስ» አለ፣ ለቢዝነስ ተማሪዎች የሚሆን። ስሙ ካልኩለስ ስለሆነና ቀለል ስለሚል ሰው ይገባበታል፣ ለኢንጂነሪንግ ግን ከንቱ ነው። ቁጥሩን ነው ማየት፣ ስሙን አይደለም።

የአገር ቤቱ ትምህርትሽ ይያዛል ወይ ላልሽው፣ ጥቂቱ ሊያዝ ይችላል፣ ግን ብዙ አትጠብቂ። መጀመሪያ የትራንስክሪፕት ግምገማ ያስፈልግሻል። ናሴስ የሚባለው ማኅበር አባል ከሆኑ ገምጋሚዎች አንዱ፣ ለምሳሌ ደብሊውኢኤስ ወይም ኢሲኢ፣ ኮርስ በኮርስ የሚለውን ዓይነት ይሠራልሻል። ትራንስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ መምጣት አለበት፤ አንቺ ሻንጣ ውስጥ ያመጣሽው ኮፒ አይሆንም። አገር ቤት ሬጅስትራር ደጅ መጥናት ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ዘመድ ካለሽ ዛሬውኑ ደውይ። ይህን ነገር ከሁሉ ቀድመሽ ጀምሪው።

አሁን ከይዘቱ አንፃር እንየው። ፍሬሽማን ላይ ማቲማቲክስ ፎር ናቹራል ሳይንስስ ወስደሽ ከሆነ፣ እሱ ሎጂክ፣ ስብስብ፣ ፈንክሽን፣ ኮምፕሌክስ ነምበር እያለ የሚሄድ ነው፤ እዚህ ፕሪካልኩለስ ከሚሉት፣ ከካልኩለስ በፊት ከሚሰጠው ሒሳብ፣ ጋር ይቀራረባል። አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድን ከወሰድሽ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ውስጡ ቬክተርም ማትሪክስም ሊሚትም ዴሪቬቲቭም ኢንተግራልም አለ፤ ሁሉም ከላይ ከላይ። እዚህ እነዚህ በሦስት የተለያዩ ኮርሶች ውስጥ ተበታትነው ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ገምጋሚው ካልኩለስ አንድ ነው ሊል ይችላል፣ ሊያመነታም ይችላል።

ልብ በይ፣ ኖቫ ክሬዲቱን ቢይዝልሽ እንኳ ኋላ የምትገቢበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ እንደገና ነው የሚገመግመው። የኖቫ ውሳኔ አያስገድደውም። ሒሳቡን በተመለከተ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የሚስማሙኝም የማይስማሙኝም አሉ። ካልኩለስ አንድ ቢያዝልሽም እንደገና ውሰጂው። ስንት ዓመት ሆነሽ ከተማርሽው? ካልኩለስ ሁለት ቀልድ አያውቅም፤ እዚያ ኢንተግራል ላይ ስትንገዳገጂ የምታጠፊው ጊዜ ካልኩለስ አንድን ከመድገም ይበልጣል። የሚረዳሽ ፕሪካልኩለስን ሳትወስጂ መዝለል ነው። የተያዘልሽን ኢማርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ የመሳሰሉትን ደግሞ ለምርጫ ኮርስ ካዋሉልሽ ተቀበያቸው፣ በሱ ላይ አትከራከሪ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ክፍል ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ 12 ወር መኖሪያሽን እዚህ ማድረግሽን ማሳየት አለብሽ። አንቺ 8 ወር ነው ያልሽው። አሁን ብትገቢ ለአንድ ክሬዲት እጥፍ ገደማ ትከፍያለሽ። ስለዚህ አትቸኩዪ፣ አራት ወር ጠብቂ። መንጃ ፈቃድሽ የቨርጂኒያ ይሁን፣ ታክስሽን ነዋሪ ሆነሽ አስገቢ፣ ወረቀቱን ሁሉ አስቀምጪ። በጥበቃው ጊዜ ሥራ አትፈችም፤ ትራንስክሪፕቱ አለ፣ ሒሳብ ማስታወስ አለ። ጥሩ የፕሪካልኩለስ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሺና በቀን አንድ ሰዓት ሥሪ። ያ አንድ ሰዓት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሊያተርፍልሽ ይችላል።

የነዋሪ ክፍያው በአሁኑ ጊዜ ኖቫ ላይ ለአንድ ክሬዲት 200 ዶላር አካባቢ ነው። በዓመት 18 ክሬዲት ብትወስጂ 3,600 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ወይም ቨርጂኒያ ቴክ ደግሞ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ነዋሪ በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ያውም ምግብና መኝታ ሳይቆጠር። የግሪን ካርድ ባለቤት ስለሆንሽ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ቅጽ መሙላት ትችያለሽ። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ከፍተኛው መጠን በ2025–26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ ሙሉ ጊዜ ባትማሪም በወሰድሽው ልክ ተሰልቶ ይሰጥሻል። ከፍተኛውን ካገኘሽ በ9 ክሬዲት እንኳ ክፍያሽን ሸፍኖ ለመጽሐፍ የሚተርፍ አለው። ብድር አይደለም፣ አይመለስም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ሁለት ነገር ይፈራሉ። አንዱ «የአጎቴ ደመወዝ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ አይሰጡኝም» የሚለው ነው። አንቺ 25 ዓመትሽ ነው። ፋፍሳ ላይ ራስሽን የቻልሽ ነሽ፤ የሚጠየቀው የአንቺ ገቢ ብቻ ነው። አጎት ቤት መኖር አጎትን ወላጅ አያደርገውም። (ይህን የምታነቡ ከ24 በታች የሆናችሁና ያላገባችሁ ግን የምትሞሉት የወላጆቻችሁን ገቢ ነው፤ አገር ቤት ቢሆኑም፣ በዶላር ተመንዝሮ። የዘመድ ገቢ ግን አሁንም አይገባም።) ሁለተኛው ፍርሃት «ዘንድሮ ብዙ ሠርቻለሁ» የሚለው ነው። ቅጹ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። አንቺ ያኔ አገር ቤት ነበርሽ።

ግን ፔል ማለቂያ አለው። በሕይወትሽ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነሽ የ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው የሚሰጥሽ። በማይጠቅም ኮርስ ያባከንሽው ሴሚስተር ሁሉ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ፣ ክፍያው በእጥፍ በሦስት እጥፍ ሲበልጥ ይጎድልብሻል። ኮርስ እየጀመሩ መተውም እንደዚያው ነው፤ ከጀመርሽው ቢያንስ 67 በመቶውን ካልጨረስሽ እርዳታው ሊቆም ይችላል።

ሥራው። ማታ እሠራለሁ ብለሻል፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገርሽኝም። ፓርኪንግ ወይም ኤርፖርት ከሆነና 40 ሰዓት ከሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በልማድ ለአንድ ክሬዲት ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ውጭ ሁለት ሰዓት ይባላል። 9 ክሬዲት 27 ሰዓት ሆነ። ከ40ው ጋር 67። ይቻላል፣ አድርገውታል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ እንቅልፍ ግን የለም። 15 ክሬዲት ከ40 ሰዓት ጋር ግን አይሆንም፤ ካልኩለስ ሁለትና ፊዚክስ አንድ ባሉበት ሴሚስተር ጭራሽ አታስቢው። እነዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሥራሽን ወደ 25 ሰዓት አውርጂ፣ ካልቻልሽም ሌላ ኮርስ አትጨምሪባቸው። ሰው የሚወድቀው ጭንቅላት አንሶት አይደለም፣ ሌሊት ሺፍት ወጥቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ስለሚገባ ነው። ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ የቤት ሥራ እየሠሩ የተመረቁ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ዓይነት ሥራ ካገኘሽ ከደመወዙ ትንሽ ቢቀንስም ያዢው።

ስንት ዓመት? «ሁለት ሲደመር ሁለት» ይሉሻል፣ አትመኚ። በ9 ክሬዲት፣ በየክረምቱ አንድ ሁለት ኮርስ ጨምረሽ፣ ኖቫ ሁለት ዓመት ተኩል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል። በጥር ከጀመርሽ ኖቫን በሦስተኛው ዓመት በግንቦት ጨርሰሽ በነሐሴ ትሻገሪያለሽ። ነሐሴ መሆኑ ጥሩ ነው። የሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ኮርሶች ብዙዎቹ በተራቸው ነው የሚሰጡት፣ መነሻቸው በነሐሴ የሚጀምረው ሴሚስተር ነው፤ በጥር የገባ ሰው አንዳንዴ ኮርስ ጠብቆ ግማሽ ዓመት ይቆማል።

እና «ከዚያ» የምትለዋ። መጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ምረጪ። አንዱ ከቤትሽ ተመላልሰሽ የምትማሪበት፣ አንዱ ደግሞ ልብሽ የሚፈልገው። ለአሌክሳንድሪያ ሰው የመጀመሪያው ጆርጅ ሜሰን ነው፤ ፌርፋክስ ነው፣ ሥራሽን ሳትለቂ ትደርሻለሽ። ከኖቫ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አላቸው፤ ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው። ከመነሻሽ እስከ መመረቂያሽ የኮርስ መስመር አስይዘው፣ አንድ አማካሪ ሰጥተው ነው የሚወስዱሽ። ለመግባት ገና በጅምር ላይ መሆን ይሻላል፤ ስለዚህ ስትመዘገቢ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ፣ የአንቺ መስክ በውስጡ ካለ ሳትዪ አትለፊው።

ቨርጂኒያ ቴክ በኢንጂነሪንግ ስሙ ትልቅ ነው፤ ብላክስበርግ ግን ከአሌክሳንድሪያ በመኪና አራት ሰዓት ይርቃል። ቤት ተከራይቶ መኖር ነው። ፖቶማክ ያርድ ላይ ያለውን የቨርጂኒያ ቴክ ሕንፃ አይተሽ «ይኸው ሰፈሬ ነው» እንዳትዪ፤ እሱ ለማስተርስና ከዚያ በላይ ነው። ዩቪኤ፣ ማለትም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ደግሞ አለ፣ ቻርሎትስቪል። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጡ ጋራንቲድ አድሚሽን የሚባል ስምምነት አላቸው። የተባለውን ኤኤስ ዲግሪ፣ የተባሉትን ኮርሶች፣ የተባለውን ጂፒኤ ካሟላሽ መግባትሽ የተረጋገጠ ነው። ጥቃቅኑን አንብቢ። ለኢንጂነሪንግ የሚጠይቁት ጂፒኤ ለሌላው መስክ ከሚጠይቁት ከፍ ይላል፣ ከሲ በታች ያገኘሽበት ኮርስ አይሻገርም፣ ማመልከቻውም ቀን አለው። ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኖቫ ኮርስ በየዩኒቨርሲቲው ምን ሆኖ እንደሚያዝ ታያለሽ። አትሚውና በየሴሚስተሩ ከመመዝገብሽ በፊት አመሳክሪው። አማካሪ ጥሩ ነው፣ ብዙ ረድተውኛል፣ ግን አማካሪው በቀን ስንት ሰው ያያል? የአንቺን ጉዳይ ከአንቺ በላይ የሚያስታውስ የለም።

ሲቪል ወይስ ኤሌክትሪካል የሚለውን ዛሬ መወሰን የለብሽም። እስከ ካልኩለስ ሁለትና ፊዚክስ አንድ መንገዱ አንድ ነው። ከዚያ ሲቪሉ ወደ ስቴቲክስ፣ ዳይናሚክስና ሜካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪካሉ ወደ ሰርኪትና ፕሮግራሚንግ። እዚያ ሳትደርሺ ወስኚ። ሲቪል ከሆነ ፈቃድ ትልቅ ነገር ነው። ኤፍኢ የሚባለውን ፈተና ስትመረቂ አካባቢ ትወስጃለሽ፣ ባብዛኛው አራት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ደግሞ ፒኢ። ያኔ ነው ንድፍ ላይ መፈረም የምትችዪው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጉድለት የለውም አላልኩሽም። ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት በውጤት ላይ የተመሠረተ ስኮላርሺፕ ባብዛኛው ለፍሬሽማን ነው፤ ተሻጋሪ ሲመጣ ጥቂት ነው የሚቀረው። (ለተሻጋሪ ብቻ የሆነ ትልቅ አንድ አለ፣ ጃክ ኬንት ኩክ የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው፣ በዓመት እስከ 55 ሺህ ዶላር። ውድድሩ ከባድ ነው፣ ኤ ካበዛሽ ግን ለምን አትሞክሪም።) ስትሻገሪም ጂፒኤሽ አብሮሽ አይሄድም፤ ክሬዲቱ ብቻ ይሄድና ውጤቱ ከዜሮ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ብዙ ሰው ውጤቱ ይወርድበታል፣ አትደንግጪ። ሌላው ጉድለት ደግሞ ኢንተርንሺፕ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከሁለተኛ ዓመት ጀምረው ኩባንያዎችን ያውቃሉ፣ አንቺ ያኔ ሌላ ግቢ ነሽ። ስለዚህ ከመሻገርሽ በፊት ባለው ክረምት የክልሉን የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ ቪዶትን፣ ወይም ፌርፋክስ ካውንቲን አመልክቺ።

ነርሲንግ የሚሉሽ ክፉ አስበው አይደለም። ሥራ አለው፣ ቶሎ ይከፍላል፣ ያየነውም እሱን ነው። ነርሲንግ ከወደድሽ ግቢ። ግን «ቀላል ነው» ብለውሽ ከሆነ ነርሶቹን ጠይቂ።

ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሆናችሁ ኮሌጅ ፓርክን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን፣ የምታስቡ፣ የኮርስ ማመሳከሪያው አርትሲስ ይባላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ አሲስት። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ዲግሪው ኤኤስቲ ትራክ ሁለት የሚባለው ነው። እላይ የጻፍኳቸውን የቨርጂኒያ ቁጥሮች ይዛችሁ እንዳትመዘገቡ፣ አደራ።

ላፕቶፕና ካልኩሌተር ላልሽው፣ ላፕቶፕ አሁን አትግዢ። ዩኒቨርሲቲዎች የኢንጂነሪንግ ኮሌጃቸው የሚፈልገውን ዓይነት ራሳቸው ያወጣሉ፣ ዛሬ የገዛሽው ያኔ ያረጃል። ለኖቫ ያለሽው ወይም ርካሽ ዊንዶውስ ይበቃል፤ ማክ ግን ይቅርብሽ፣ አንዳንድ የኢንጂነሪንግ ሶፍትዌር በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሠራው። ካልኩሌተር ግን ግዢ። መቶ ዶላር የሚያወጣውን ግራፍ የሚሠራውን ሳይሆን ቲአይ 36ኤክስ ፕሮ የሚባለውን፣ ሃያ ምናምን ዶላር ነው። ኤፍኢ ፈተና ላይ ከሚፈቀዱት ጥቂት ዓይነቶች አንዱ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣትሽ ይልመደው። መምህሩ ግራፍ የሚሠራውን ግዴታ ካደረገ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ ያውስ እንደሆነ ጠይቂ።

ትራንስክሪፕቱ ሲመጣልሽ የኮርሶቹን ዝርዝር ጻፊልኝ፣ የትኛው የት እንደሚገባ አብረን እናየዋለን።